ጥሩምባ ዝም ያለች ዕለት

ትክክለኛ ስሜን የሚያውቁት እናቴና መታወቂያ የሰጠኝ ሰውዬ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሁሉ ጥሩምባ ነኝ። ስሙን ያወጣልኝ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪያችን ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ጠፍቶ ነበርና ልጆቹ ከእረፍት እንዲገቡ እኔን ደጅ አውጥቶ ጥሪያቸው አለኝ። ጠራሁ። ልጆቹ ገቡ፤ ከጎን ካለው የእንጨት መሰንጠቂያ ቤትም ሠራተኞቹ አንድ ነገር የተፈጠረ መስሏቸው እየሮጡ አብረው ገቡ። አዲስ ደወል የተገዛ ቀን ከሥራ የተባረርኩ ያህል ከፍቶኝ አለቀስኩ። ለቅሶዬንም መሰንጠቂያ ቤቱ ድረስ ሰምተውታል ይባላል።

እናቴ ምስጢር ልትነግረኝ ስትፈልግ ከሰፈር አውጥታ ባዶ ሜዳ ላይ ትወስደኝ ነበር። በደንብ መስማቴን ለማረጋገጥ የነገረችኝን ሁሉ ደግሜ እጠይቃታለሁና። ከፍ ስል እንጀራዬን ያገኘሁትም በዚሁ ጉሮሮ ነው። ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። እኔ ስጣራ ከገበያው ወዲያ ማዶ ያለ ሰው እንኳ ሽንኩርት መኖሩን ያውቃል። ሌሎቹ አትክልት ሻጮች ይህን ስለተረዱ መጣራት ትተው ከእኔ ፊት ፊት መቀመጥ ጀመሩ፤ በእኔ ድምፅ የመጣው ገዢ መጀመሪያ የሚደርሰው እነሱ ጋ ነዋ።

ባለቤቴ የብረት በርና መስኮት ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆርጥና ሲበይድ ይውላል። ሰዎች ከዚህች ሴት ጋር እንዴት ቻልክ ሲሉት፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ "ምን አልከኝ?" ይላል። እየቀለደ ይሁን ማሽኑ በእርግጥ ጆሮውን ጎድቶት ይሁን፣ ይህን ያህል ዓመት አብሬው ኖሬ ለይቼ አላወቅሁም ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ሬዲዮው የመጣው። ከዚያ በፊት የምንሰማው ሬዲዮ ስለ ሩቅ አገር ነበር የሚያወራው፤ የእኛን አካባቢ ስም የሚያነሳው ጎርፍ ሲወስደን ብቻ ነው። የከተማው ነዋሪና የዙሪያው መንደሮች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ፈቃድ ጠየቁ፤ ብዙ ደጅ ከተጠና በኋላ አንድ አንቴና ከገበሬዎቹ ማኅበር መጋዘን ጀርባ ተተከለ። ስቱዲዮ የሚባለው ቀድሞ የማዳበሪያ ማስቀመጫ የነበረ ክፍል ነው። ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል፤ በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ሞቃት ቀን ሲሆን እስከ ዛሬ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይሸታል።

ሥራ አስኪያጇ አስተማሪ የነበረች፣ ቀጠን ያለች፣ ንግግሯ የረጋ ሴት ነች። አንድ ቀን ገበያ መጥታ፣ የገጠሩን ሰው የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን፣ ድምፃችሁን መጥታችሁ ትፈተናላችሁ አለች። ድምፅ ስትል ሁሉም ዞሮ ወደ እኔ አየ። እኔም ቢሆን ጥሪው ለእኔ እንጂ ለሌላ ሰው መሆኑ ጭራሽ አልታየኝም። ሌሎቹ ቢመጡ ለወግ ነው ብዬ ነበር።

የፈተናው ቀን የክት ልብሴን ለብሼ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ሽቶ ሳይቀር ተቀብቼ ሄድኩ። ለሬዲዮ። ቴክኒሻኑ ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ፣ ፈገግታ የሚያስከፍለው የሚመስል ሰው ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ "ይህ የእናንተ ሬዲዮ ነው" ብለው ይናገሩ አለኝ። ተናገርኩ። ማዳመጫውን ከጆሮው መንጭቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለውና ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ አለ። ወደ ኋላ አልኩ። እንደገና አሁንም ወደ ኋላ አለ። እንዲህ እየተባለ ጀርባዬ ብርድ ልብሱን ነካ። በመጨረሻ ውጭ ወጥተው ይሞክሩት አለኝ። ግቢው ውስጥ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ቆሜ ስናገር፣ አሁን ደህና ነው አለ።

ሥራ አስኪያጇ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወጣችና ምክር ሰጠችኝ። ለአንድ ሰው ብቻ እንደማወራ፣ እሱም እጎኔ እንደተቀመጠ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ በዕድሜዬ ለአንድ ሰው ብቻ ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴን እራት ቀርቧል ስለው እንኳ ጎረቤት እጁን ይታጠባል። ሞከርኩ፣ አልሆነም፤ ለማንሾካሾክ ስታገል ሳል ያዘኝ።

ነገሩ በዚሁ ያበቃ ነበር። ግን ሥራ አስኪያጇ የየመንደሩ ገበሬ ሽንኩርቱን የሚያመጣው ለእኔ መሆኑን ታውቃለች። ድምፅ መቅረጫ ሰጠችኝና የሰዎችን ድምፅ እየዞርኩ እንድሰበስብ ጠየቀችኝ። ውስጤ ቅር አለው፤ የገዛ ድምፄ ተጥሎ የሌላውን ልለቅም። ግን ገበያ ስደርስ ወሬውን አሳመርኩት፤ የመስክ ጋዜጠኛ ተደርጌአለሁ አልኩ። አንዷ ሻጭ የመስክ ማለት ምን ማለት ነው ብትለኝ፣ ከስቱዲዮ በላይ ነው አልኳት። ከውሃ ታንከሩም ወዲያ መሆኑን አልነገርኳትም።

መጀመሪያ የሄድኩት ዳገቱ ላይ ወዳለው መንደር ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁትና ስለ እርሻው ጠየቅሁት። ደስ ብሎኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ። ሥራ አስኪያጇና ቴክኒሻኑ ተቀምጠው የቀረጽኩትን ሰሙ። እኔም አብሬ ሰማሁ። መጀመሪያ እኔ እጠይቃለሁ። ቀጥዬ ጥያቄውን አብራራለሁ። ሰውዬው "እንግዲህ..." ሲል መልሱን ራሴ እመልሳለሁ። ከዚያ የአባቴን ማሳ አነሳለሁ፤ የአባቴ በሬ የጠፋ ጊዜ የሆነውን እተርካለሁ፤ በሬው እስኪገኝ ድረስ ገበሬው ድምፁ የለም። በሬው ሲገኝ "እግዜር ይመስገን" ይላል። ያለው እሱን ብቻ ነው።

ቴክኒሻኑ ማሽኑን አጥፍቶ "ገበሬው የት አለ?" አለኝ።

ሥራ አስኪያጇ ግን አልሳቀችም። ዝግ ብላ፣ "እትዬ፣ እኚህ ሰው ሊነግሩዎት የፈለጉት ምን ነበር?" አለችኝ።

አላወቅሁም። ፊቴ ፍም መሰለ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ዳገቱ ተመልሼ ሽማግሌውን ጠየቅሁት። ዘሩ የሚታደለው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው፣ ይህን ልነግርሽ ነበር አለኝ። ቀጥሎም በሬው ሲመለስ እግሩን አላመመውም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ያህል ጥሩ አድማጭ የሆነን ሰው አፍ ዘግቼ ነበር የሄድኩት።

አፌን የሚዘጋ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። መላውን ያገኘሁት ከሱቅ ነው፤ ጠንካራ የሚመጠጥ ከረሜላ። ሕግ አወጣሁ። አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ከረሜላውን አፌ ውስጥ እከታለሁ፤ ሟሙቶ እስኪያልቅ መናገር ክልክል ነው። ማኘክም ክልክል ነው፤ ይህን ሁለተኛውን አንቀጽ የጨመርኩት በመጀመሪያው ቀን ከጣስኩት በኋላ ነው። ሰዎች ጉንጬ አብጦ፣ ዓይኔ ፈጦ፣ ዝም ብዬ ሲያዩኝ ጥርሴን የታመምኩ ይመስላቸዋል። አንዲት እናት መድኃኒት ነው ብላ አንድ መራራ ቅጠል አስይዛኝ ሄዳለች፤ ላለማስቀየም አኘክሁት።

ነገሩ ግን ሠራ። ሰው መቅረጫ ሲያይ መጀመሪያ የሚናገረው ሬዲዮው መስማት የሚፈልገው የመሰለውን ነው። ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ ልማቱ እየተፋጠነ ነው፣ እናመሰግናለን ይላል። ዱሮ እኔም አመስግኜ እሄድ ነበር። አሁን ግን መናገር አልችልም፤ ከረሜላው አላለቀም። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ከረሜላው ሲጋመስ ሰውየው ጉሮሮውን ይጠርግና "ግን..." ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው ወሬው። ከብቶቹ የሚከተቡበት ቀን የሚለጠፈው ከተማው ቢሮ በር ላይ መሆኑን፣ ነፍሰ ጡሯ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በቃሬዛ መሆኑን፣ መንገዱ ተሠራ የተባለው እስከ አንድ ኃላፊ ዘመድ ቤት ድረስ መሆኑን የሰማሁት ሁሉ ከ"ግን" በኋላ ነው።

ሥራ አስኪያጇ ዝግጅቱን "ግን" አለችው። ከሰዓት በኋላ ይተላለፋል። ሰው በየመንደሩ አንድ ሬዲዮ ከብቦ ይሰማዋል፤ የተነሳበት መሥሪያ ቤትም መጥቶ መልስ ይሰጣል፤ ካልመጣም አለመምጣቱ ይነገራል። በዝግጅቱ ውስጥ የእኔ ድምፅ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ገበያ ውስጥ የምሄደው ዝግጅቱን ብቻዬን የተናገርኩት ይመስል ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ መስኮት ያሠራ ደንበኛ፣ ባልሽ ሥራ ያዘገያል ብሎ ወቀሰኝ። በየቀኑ ከሰዓት "ግን" ሲጀምር ማሽኑን አጥፍቶ፣ ሬዲዮዋን ብረት መቁረጫው ላይ አስቀምጦ፣ ማንም እንዳይናገር በእጁ ምልክት ይሰጣል አለኝ። ማታ ባለቤቴን እውነት ነው ወይ አልኩት። ማሽኑ ማረፍ አለበት አለኝ። የምለው ጠፋኝ። እሱም ለካ ከረሜላ ሳይኖር ዝም ማለት ትችያለሽ ብሎ እራቱን ቀጠለ።

የፓምፑ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር አንድ የእጅ ፓምፕ አለው። ፓምፑ ውሃ መስጠት ካቆመ ሰንብቷል፤ ሴቶቹ ጄሪካን እያዘሉ የደፈረሰውን ወንዝ ይቀዳሉ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ሪፖርት ላከልን። በአካባቢው ያሉት የውሃ መቅጃዎች በሙሉ አገልግሎት እየሰጡ ነው ይላል። እኛም በዜና አነበብነው። ሴቶቹ ይህን የሰሙት ወንዝ ዳር፣ ጄሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ነው። ወዲያው መልእክት ላኩብን፤ ዜናውን ያነበበው ሰው ይምጣና ይጠጣ የሚል።

ሥራ አስኪያጇ እኔን ላከችኝ። ስደርስ ሴቶቹ ፓምፑን ከበው ቆመዋል። የፓምፑን ቁልፍ የምትይዘው፣ ሁሉም የፓምፑ እናት የሚሏት ጠና ያለች ሴት ነች። መቅረጫዬን ከፍቼ፣ "እማማ፣ ፓምፑ ምን ሆነ?" አልኩና ከረሜላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ዝም አለች። እኔም ዝም። ጠበቅሁ፤ ከረሜላው ተጋመሰ፤ "ግን" የለም። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። በመጨረሻ ሴትዮዋ፣ ለመጣው ሁሉ ተናግሬአለሁ፣ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ሄዷል፣ ከእንግዲህ አፌን አላደክምም አለች። ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ፓምፑ ሄደች፣ እጀታውን በሁለት እጇ ያዘችና መግፋት ጀመረች።

ፓምፑ አቃሰተ። ሲ...ጥጥጥ ይልና እንደ ታመመ ሰው እህህ ይላል፤ ደግሞ ሲጥጥጥ። ሴትዮዋ አላቆመችም። ትንፋሿ እየቆራረጠ፣ ፓምፑም እሷም እኩል እያቃሰቱ። ከአፉ ጠብ ያለ ነገር የለም። እኔ እዚያ ቆሜ ውስጤ አንድ ሙሉ ንግግር ተሰናድቶ ነበር፤ ውሃ ሕይወት ነው ብሎ የሚጀምር፣ የሚያስለቅስ። ምላሴ ላይ ደርሶ ከከረሜላው ጋር ይጋፋ ነበር። ከረሜላው ትልቅ ስለነበር አሸነፈ። ሴትዮዋ ሲደክማት እጀታውን ለቀቀችና፣ "ይኸው። ይህንን አሰሙልኝ" አለች።

ስቱዲዮ ስንሰማው ቴክኒሻኑ ማዳመጫውን እስከ መጨረሻው ከጆሮው አላወለቀም። ማንም ምንም እንዳይጨምርበት አለ። እኔ ግን መንገድ ላይ መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር። ሥራ አስኪያጇ መግቢያዬን ሰማችና አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀረችልኝ። "ይህ ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ፓምፕ ነው።" እሱኑ ከበሩ ላይ ሆኜ ተናገርኩ። ከዚያ ሲጥጥጥ፣ እህህ። በየቀኑ ከዜና በፊት እንዲተላለፍ ተወሰነ፤ የውሃ ጽሕፈት ቤቱም መጥቶ እንዲናገር ጥሪ ቀረበለት።

ጉድ ፈላ። ልጆች መንገድ ላይ እንደ ፓምፑ እያቃሰቱ መሄድ ጀመሩ። የጤና ጣቢያው በር ሲጥጥ ብሎ ሲከፈት ወረፋ የያዘው ሁሉ ይስቃል። ባለቤቴ ጋ ሰዎች፣ የቤቴ በር እንደ ፓምፑ ይናገራል፣ ዘይት አድርግልኝ እያሉ መጡ። በዓመታት ጩኸቴ ያላገኘሁትን ዝና አንድ የተሰበረ ብረት በጥቂት ቀን ሲያገኝ ማየት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ አስቀንቶኛል።

አንድ ከሰዓት የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ራሱ መጣ። ክራቫት አስሮ፣ ፊቱን ቋጥሮ። ስም አጥፍታችኋል አለ። ሥራ አስኪያጇ አልተከራከረችውም። ወንበር ሳበችለት፣ ውሃ በብርጭቆ አቀረበችለት፣ ሕዝቡ ይስማዎት ብላ ማይኩን አሳየችው። "ግን" ሊጀምር ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ስቱዲዮ ውስጥ እንድጠይቅ ተፈቀደልኝ፤ ወንበሬ በሩ ሥር ቢሆንም።

"ፓምፑ ውሃ ይሰጣል?" አልኩት። ከረሜላዬን ከተትኩ።

ኃላፊው ተናገረ። ስለ ዕቅዱ፣ ስለ በጀቱ፣ ስለ መለዋወጫ እጥረቱ፣ ስለ ቀጣዩ ምዕራፍ። አምሮ ተናገረ። ሲጨርስ እኔን አየኝ፤ እኔ ጉንጬ አብጦ አየዋለሁ። ተቁነጠነጠ። ትንሽ ስለ በጀቱ ጨመረ። እንደገና አየኝ። ክራቫቱን ላላ አደረገና፣ "ግን እውነቱን ለመናገር፣ ፓምፑን ሄጄ አላየሁትም" አለ።

ይህን ስሰማ ከድንጋጤዬ የተነሳ ከረሜላው ወደ ውስጥ ገባ። አነቀኝ። ሳልኩ፤ የእኔ ሳል ደግሞ እንደ ሌላ ሰው ሳል አይደለም። ቴክኒሻኑ ማዳመጫውን ጥሎ ተነሳ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰልኝ ግን ኃላፊው ነው። ወንበሩን ገፍትሮ መጣና ጀርባዬን በመዳፉ ይወቅጠው ጀመር። ከረሜላው ተስፈንጥሮ የእንቁላል ካርቶኑ ላይ ተለጠፈ። ይህ ሁሉ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ከወንዙ ማዶ ሲሰሙ የነበሩት፣ ሴትዮዋና ኃላፊው ተደባደቡ ብለው ተጨንቀው ስልክ ደወሉ። ገበያ ደግሞ መታችው የሚልና መታት የሚል ሁለት ወገን ተፈጥሮ ነበር።

ኃላፊው ውሃውን ለእኔ ሰጠኝ። ትንፋሼ ሲመለስ ሥራ አስኪያጇ ወደ ማይኩ ጠጋ ብላ፣ ሁሉም ሰው ደህና መሆኑን ለሕዝቡ ተናገረች፤ ኃላፊውም ነገ ጠዋት ፓምፑን ሄዶ እንደሚያይ በገዛ አፉ ተናገረ። ሲወጣ እበሩ ላይ ቆም ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጫወተኝ። እናቱ አብራው ነው የምትኖረው። በየቀኑ ሬዲዮ ትሰማለች። እራት ላይ ምስኪኑ ፓምፕ ዛሬም ሲያቃስት ዋለ፣ የሚያይለት ሰው የለውም ወይ ትለዋለች። ኃላፊነቱ የእሱ መሆኑን ሊነግራት አልደፈረም።

ሄደ። ሠራተኞች ይዞ ሄደ። ቱቦውን ስበው አወጡ፣ ያለቀውን ዕቃ ቀየሩ፤ መለዋወጫው ሲጠበቅ ቆየ እንጂ በመጨረሻ ፓምፑ ውሃ ሰጠ። እኔም የውሃውን ድምፅ ልቅረጽ ብዬ ተሻገርኩ። ሊሆን አልቻለም። ሴቶቹ እየሳቁ፣ እየተረቡ፣ እየተጠራሩ የውሃውን ድምፅ ዋጡት። ትዕግሥቴ አልቆ "እባካችሁ ዝም በሉ" አልኩ። የፓምፑ እናት ቀና ብላ አየችኝና፣ እኛ ዝም ብለን ነው የከረምነው፣ አሁን ተራችን ነው አለችኝ። መቅረጫውን እንደተከፈተ ያዝኩላቸው።

ሴቶቹ ኮሚቴ አቋቋሙ። ፓምፑ እንዳይጎዳ የመቅጃ ሰዓት ደለደሉ፤ ሰዓቱን በሬዲዮ እንድናገርላቸው አደራ ሰጡኝ። ይህን ያህል ታምኜ ስላላውቅ ኮራሁ፤ ከኩራቴም የተነሳ የላይኛውን ሰፈር ሰዓት ለታችኛው፣ የታችኛውን ለላይኛው አድርጌ ተናገርኩ። ዝግጅቱ ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ። ቴክኒሻኑ መስመሩን አየር ላይ አዋለው። የፓምፑ እናት ነች። ግማሹ የሬዲዮውን፣ ግማሹ የኮሚቴውን ሰዓት ይዞ ሁለቱም ሰፈር አንድ ላይ መጥቶ ተፋጧል፣ ሰዓቱን አስተካክለሽ ተናገሪ አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄ አስተካክዬ ተናገርኩ።

ስልኩን ግን ሳትዘጋው ቀረች። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲከራከሩ ይሰማል፤ ማን አስቀድሞ እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደታመመች፣ ለአሮጊቷ ማን እንደሚቀዳላት። አንዷ አፏን ሞልታ ትናገራለች፣ ሌላዋ አይሆንም ትላለች፣ ቀስ በቀስም ይስማማሉ። ቴክኒሻኑ መስመሩን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። ሥራ አስኪያጇ ተወው አለችው። ሦስታችንም ቁጭ ብለን፣ እኔም ያለ ከረሜላ፣ ሰማናቸው።